በሦስተኛው ቤዝ ያደረ መርዶ

ቴምቢሳ፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለማራናታ፤

እንደምን ሰነበትሽ የምልሽ ለወጉ ያህል ነው። እንዴት እንደሰነበትሽ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

መልእክትሽ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ነው። «ጋሼ፣ እህታችን ፍሬገነት አረፈች» የሚለውን አንብቤ ሳልጨርስ አንዲት ሴትዮ ግማሽ ዳቦና የስልክ ካርድ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፣ እኔም አመሰገንኳት። ለካ ሰው እህቱ ሞታበትም ዳቦ መሸጥ ይችላል። ራሴን ታዘብኩት።

ስልክ ስትደውይ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሽኛል። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍላችንን አታውቂያትም። የእኔንና የእህታችንን ልጅ የፅናትን አልጋ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ እሷ ስትገላበጥ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስተነፍስ እሷ ትሰማለች። ድምፅሽን ከሰማሁ ደግሞ አልችልም። ስለዚህ እንደ ድሮው ደብዳቤ አድርገሽ በቴሌግራም ጻፊልኝ። አንብቤ አጠፋዋለሁ።

አይ፣ አልነገርኳትም። አጎታችን አቢሶ «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ፤ እናት የሞተችባት ልጅ በሰው አገር በስልክ አይነገራትም፤ ሽማግሌ ማለዳ ገብቶ፣ ከጎኗ የምትይዛት ሴት ተቀምጣ፣ በወጉ ትስማ» ያሉት ልክ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ልክ መሆኑና ቀላል መሆኑ ግን ለየቅል ነው። እናቷን ቀብረን ልጅቷን ቁርስ እያበላሁ ትምህርት ቤት እልካታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አደራህን፣ አስተምርልኝ» ስትለኝ የነበረችው ፍሬገነት ይኼን ብታይ ምን ትል ይሆን እላለሁ።

እንዴት ነው የምትውሉት ላልሽው፣ እንሮጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለጎረቤቴ ለተማም ትቼ ልጆችን ቤዝቦል እንደማስለምድ ስነግርሽ ስቀሽብኝ ነበር። ብትስቂም እውነትሽን ነው፤ እኔ ዱላውንም ኳሱንም አልችልበትም። አሠልጣኙ ባባ ማሴኮ የሚባሉ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሆሳዕና ተማሪ ሳለሁ ሯጭ እንደነበርኩ ሲሰሙ «እንግዲያው ማይ ፍሬንድ ሩጫውን ያስተምር» አሉ። ማይ ፍሬንድ እዚህ ያለን የባለሱቆች ሁሉ ስም ነው፤ ምሕረቱ የሚለኝ የለም።

ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኳሱን በዱላ የመታ ልጅ ሦስት ማረፊያ ዞሮ ወደተነሣበት ይመለሳል። ማረፊያው ቤዝ ይባላል። እግሩ ቤዝ ላይ ካለ ማንም ምንም አያደርገውም፤ መሀል መንገድ ላይ ኳስ በያዘ እጅ ከተነካ ግን ከጨዋታው ወጣ። የእኔ ቦታ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ነው። የሚሮጠው ልጅ ኳሱ ከኋላው ስለሚሆን አያየውም፤ የሚያይለት እኔ ነኝ። እጄን ሳሽከረክር ይሮጣል፣ መዳፌን ስዘረጋ ይቆማል። እዚያ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ዞራችሁ ኳሱን አትፈልጉ፣ እኔን እመኑ እላቸዋለሁ።

ከሁሉም ፈጣኗ ፅናት ናት። ትናንት ከሁለተኛው ቤዝ ተነሥታ ስትመጣ መዳፌን ዘረጋሁላት፤ ቀጥ አለች። ኳሱ የት እንዳለ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። እኔን አምና ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልምምድ ባባ ማሴኮ ናቸው የጨረሱት።

ስለ ፍሬገነት የመጨረሻ ቀናት ጻፊልኝ። የሚጻፈውን ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ምሕረቱ


ሆሳዕና
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ፤

ሰላምህ ይብዛ። አጎታችን አቢሶ፣ ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰዎች ሁሉ «ምሕረቱን አጽኚልን» ብለውኛል። አንተን ማን እንደሚያጸና ግን አላውቅም። እዚያ እንኳን ለቅሶ መቀመጥ፣ ማዘንህን የሚያውቅ ሰውም የለህ።

ስለ መጨረሻ ቀናቷ ጻፊልኝ ላልከኝ፣ ስቃዩን ሆድ ይፍጀው። ከሆስፒታል ስንመልሳት ግን ረጋ ብላ ነበር። የልጇን ነገር አንስታለች። «አትጥሯት፣ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» ብላለች። ከዚህ በላይ መጻፍ አይሆንልኝም። ድንኳኑ ተነሥቷል። ወንበሩንም ወስደውታል። ግቢው ባዶ ሆኖ ለቅሶ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን ያስፈራል።

እንዳትቆጣ እንጂ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። የእህታችን ስልክ እኔ ዘንድ ነው፤ ማጥፋት አቅቶኝ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ፅናት ትደውላለች፣ አላነሣም። ከዚያ «ማሚ፣ ድምፅሽ ለምን ጠፋ?» ብላ ጻፈች። ደግማ ጻፈች። ዝም ብል ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁና «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ፣ በርትተሽ ተማሪ» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ወጣሁና ጓሮ ተቀመጥኩ። የሞተች እህቴን ስም ይዤ ደህና ነኝ ማለቴ ዘግንኖኛል።

ልጅቷ ግን ወዲያው የልብ ምልክት ላከች።

መቼ ነው የምትነግሯት? እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ምን አሉ? ቶሎ በልልኝ።

እህትህ ማራናታ


ቴምቢሳ
መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሬ፤

እንዳትቆጣ ብለሽ ነው የጀመርሽው፤ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ባታደርጊው ምን ይደረግ ነበር ብዬ ሳስብ ቁጣው ወጣልኝ። ድካሙ ነው የቀረው።

ያን መልእክት ፅናት የት እንዳነበበችልኝ ልንገርሽ። ሪሀና ጋ ጸጉሯን ለመሠራት ዮቪል ወደሚባለው ሰፈር እየወሰድኳት ነበር። ሪሀና የስልጤ ልጅ ናት፤ የፅናትን ጸጉር ከመጣች ጀምሮ የምትሠራላት እሷ ናት። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፅናት ስልኳን አወጣችና ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ «አጎቴ፣ እናቴ ደህና ነኝ አለች! ጉሮሮዋን ብቻ ነው» አለችኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በስሙ ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር።

ሽማግሌዎቹን ጠይቀሽኛል። የቤተክርስቲያናችንን ሽማግሌ አቶ ለማን አማክሬአለሁ። ሚስታቸው ወይዘሮ ማርያም ከጎኗ ትሆናለች። ግን ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ከፈተናው ቀጥሎ የቡድኑ ውድድር አለ፣ ውድድሩ የፋሲካ ዋዜማ ነው። አቶ ለማ «ለትንሣኤ በዓል መርዶ ይዘን አንገባም፤ በዓሉ ይለፍ» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቢዘገይልኝ ደስ ብሎኛል። በደስታዬ ደግሞ አፍሬአለሁ።

ጺሜን አሳድጌ እንደሆነ ሳታስቢ አትቀሪም። አላሳደግኩም። በየማለዳው እላጫለሁ። አባታችን የሩቅ ዘመድ ሲሞት እንኳ ምላጭ አያስነኩም ነበር፤ እኔ የገዛ እህቴ ሞታ ፊቴን እንደ ሙሽራ አሳምሬ እወጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቡድኑን ቀይ ማሊያ እለብሳለሁ። ደንበኛ ሲቀልድ እስቃለሁ። እንዲያውም ከበፊቱ አብዝቼ ነው የምስቀው፤ ተማም ራሱ «ሎተሪ ደርሶሃል እንዴ?» ብሎኛል።

ሰሞኑን የማስተምራቸው መጠበቅን ነው። የተመታው ኳስ ወደ ላይ ከወጣ፣ ሯጩ እግሩን ከቤዙ ሳያነሣ መቆየት አለበት። ኳሱ ወርዶ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው የሚሮጠው። ቀድሞ ከተነሣ ሩጫው ከንቱ ነው። ልጆቹ ይኼን አይችሉትም። ኳሱ አየር ላይ ሳለ እግራቸውን ያሳክካቸዋል። እኔ በዙሉኛ «ይማ! ይማ!» እያልኩ እውላለሁ፤ ቆይ፣ ቆይ ማለት ነው። ከዚያ «ሀምባ!» ስል ይሮጣሉ። ቤቴ ስገባ ድምፄ ተዘግቶ ነው።

አንድ ነገር አሳስቦኛል። የፅናት ሩጫ ተበላሽቷል። እግሯ ደህና ነው፣ ጉልበቷም አለ። ግን ወደ እኔ ስትመጣ እጄን ማየት ትታ ፊቴን ነው የምታየው። ፊቴን አይታ፣ ከዚያ እጄን ፈልጋ እስክታገኝ ኳሱ ይቀድማታል። ደጋግሜ ነገርኳት። «ሶሪ ኮች» ትለኝና መልሳ ያንኑ ታደርጋለች። ባባ ማሴኮ እንኳ «ይቺ ልጅ ፊትህ ላይ ምን ጠፍቶባት ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። ጠርጥራ ይሆን? ፊቴ ሳላውቀው እያወራ ይሆን? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር መነጽር አድርጌ ነው የምቆመው።

ሁለተኛ አትጻፊላት። ወይም ጻፊላት። እኔ እንጃ።

ወንድምሽ ምሕረቱ


ሆሳዕና
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንዴት ነህ? ደብዳቤህን ሁለቴ አንብቤ አለቀስኩ፤ መነጽሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ሳቄ መጣ። ይቅር በለኝ።

አጎታችን አቢሶን ጠይቄአለሁ። ቶሎ ይነገራት የሚለውን አልወደዱትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እስካሁን ከጠበቃችሁ አታበላሹት» አሉ። እሳቸው እኮ የሴት ልጃቸውን ሞት የሰሙት መኸር ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው። መንደሩ ሁሉ እያወቀ አብሯቸው ሲያጭድ ከረመ። «ባለማወቄ ያን መኸር ኖርኩ» ይላሉ። ምን ትላቸዋለህ?

አትጻፊላት ላልከኝ ደግሞ፣ መጻፉን አላቆምኩም። ለማቆም ሞክሬ ነበር። ግን ልጅቷ ስለ ራሷ አትጠይቅም ጋሼ፤ የምትጽፈው ሁሉ ስለ አንተ ነው። «ማሚ፣ አጎቴ ብዙ ይደክማል። ማሚ፣ ስለ ሕመምሽ ለአጎቴ አትንገሪው፣ ልቡ አይችልም። ክፉ ወሬ ካለም ውድድሩ ይለፍ።» እንዲህ ትላለች። ምን አይታብህ ነው? ታመሃል እንዴ? ደብቀኸኝ ከሆነ እዚህ እኔም መርዶ ጠባቂ ሆኜ ልቀር ነው። እሺ ብያታለሁ፤ «አልነግረውም የኔ ልጅ» ብዬ ጻፍኩላት። ሌላ ምን ልበል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ንጋቱን መፍራት ጀምሬአለሁ። የምትነግሯት ቀን ሲቆረጥ አሳውቀኝ፤ እዚህ ሆኜ እጸልያለሁ። ማን አጠገቧ እንደሚሆን፣ ምን እንደምትላትም ጻፍልኝ።

እህትህ ማራናታ


ቴምቢሳ
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሬ፤

አልታመምኩም። ደክሞኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ተቆርጧል። ነገ ውድድሩ ነው፣ እሑድ ትንሣኤ፣ ሰኞ ማለዳ ይመጣሉ። አቶ ለማ፣ ወይዘሮ ማርያም፣ ተማም፣ ሪሀናም ከዮቪል ትመጣለች። ሱቁን አልከፍትም።

ምን ትላታለህ ላልሽው፣ እኔ አንድም ቃል አልናገርም። ተናጋሪው አቶ ለማ ናቸው። የእኔ ሥራ አጠገቧ መቀመጥና ስትወድቅ መያዝ ነው። ይኼን ብቻ በደንብ ላድርግ ብዬ እየጸለይኩ ነው። እናቷን አጥታ አጎቷንም እንዳላሳጣት እፈራለሁ፤ «ይኼን ሁሉ ጊዜ እያወቅክ?» ብላ ዓይኔን ማየት ብታቆምስ? በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን አላት?

ዛሬ ማሊያዋን አጥባ ገመድ ላይ ሰቅላ እያንጎራጎረች ነው። በጸሎትሽ አስቢን።

ምሕረቱ


ቴምቢሳ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማራናታ፤

ስለዘገየሁብሽ ይቅርታ። «ፅናት እንዴት ሆነች?» የሚለውን ትተሽ ስለ ውድድሩ ቀድመሽ መጠየቅሽ ገብቶኛል፤ እኔም ብሆን በእሱ ነበር የምጀምረው።

ተሸነፍን። መጨረሻ ላይ ፅናት ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ እኔ አጠገብ ነበረች። ኳሱ ወደ ላይ ወጣ። «ይማ» አልኳት፣ እግሯን አላነቃነቀችም። ኳሱ ተያዘ፣ «ሀምባ!» አልኩ። እሷ ግን መጀመሪያ ፊቴን አየች። ከዚያ ሮጠች። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት በኳሱ ነኳት። ልጆቹ አለቀሱ፤ እሷ አላለቀሰችም። መጥታ «አጎቴ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ለሽንፈቱ መስሎኝ «ደህና ነኝ» አልኳት።

ሰኞ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ተነሣሁ። ኮምፔንሳቶውን ዞር ብዬ ሳይ የፅናት አልጋ ላይ ፍራሽ የለም። መሬት ላይ አንጥፋዋለች። ውሃ በጆግ ቀድታለች። ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ ቆማለች። አንድ ሰው አፉ አምልጦት ነግሯታል እያልኩ በሩን ከፈትኩ። እነ አቶ ለማ ገቡ። እንደ ወጉ መጀመሪያ ጸለዩ፤ የሰው ልጅ በምድር ላይ እንግዳ ነው የሚለውን ጀመሩ። እኔ ልይዛት ወደ እሷ ተጠጋሁ። እሷ ቀድማ እጄን ያዘችና «አጎቴ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ትከሻዬን ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችኝ። ከጀርባዬም ተንበርክካ ደገፈችኝ።

አቶ ለማ ንግግራቸውን አቋርጠው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ወይዘሮ ማርያም «የመጣነው ለማን ነው?» አለች በሹክሹክታ። ያኔ ሪሀና ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፅናት ያወቀችው ቀብሩ በተፈጸመበት ሳምንት ነው። የሆሳዕና የክፍል ጓደኛዋ በፌስቡክ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ጽፋላታለች። «ማሚ፣ ድምፅሽ ለምን ጠፋ?» ብላ ስትጽፍልሽ ስልኩን ማን እንደያዘው ለማወቅ ነበር። አንቺ «ደህና ነኝ» ስትያት፣ አክስቴ ይኼን ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከአጎቴም ደብቃለች አለች። እንዴት አትል? እኔ በየማለዳው ጺሜን እላጫለሁ፣ ቀይ ማሊያ እለብሳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እስቃለሁ። «አጎቴ ቢያውቅማ ኖሮ ጺሙን ምላጭ አያስነካውም» ብላ አሰበች። አባታችንን አይታ ነው ያደገችው፤ ወጉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ እህቴ በሕይወት እንዳለች እንዲመስለኝ መልእክትሽን ታክሲ ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ፊቴን የምታየው፣ ሰምቼ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ሪሀና ጸጉሯን ስትሠራት ደግሞ ፅናት ምስጢሯን አውጥታ «ቤዝቦሉ ይለፍና ለአጎቴ ሽማግሌ ላኩለት፤ ከጎኑ እኔ እሆናለሁ» ብላ አስምላታለች። ሪሀና ለአቶ ለማ «ምሕረቱ ቤት መርዶ አለ» ብቻ ብላ ስትነግራቸው፣ እኔ ለፅናት ንገሩልኝ ያልኳቸው መርዶ መስሏቸው «አውቄዋለሁ» አሏት። እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ፣ አንድ ሽማግሌ ጠራን።

እንግዲህ በአንድ ኮምፔንሳቶ ግራና ቀኝ ተኝተን፣ ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ደህና ነን ስንል ከርመናል። ተቆጥታኛለች ወይ? አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይኼን ከማን ተማረችው ብዬ ማንንም አልወቅስም፤ ከእኛው ነው የተማረችው። ስልኩንም አሁን አጥፊው፤ እሷ ናት ንገራት ያለችኝ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት ማሬ። እናቷ መሞቷን እያወቀች ፈተና ተፈተነች፣ ለእኔ ሻይ አፈላች፣ ማሊያ አጠበች። መቼ አለቀሽ ብዬ ጠየቅኳት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሜዳው ጋ ትቆምና እዚያው አልቅሳ ትጨርስ ነበር፤ ቤት ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ እንዳላየው ፊቷን ታጥባ ነው የምትመጣው። ይኼን ስሰማ ከየካቲት ጀምሮ ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። ሰው ፊት፣ ሽማግሌ ፊት፣ እንደ ሕፃን ጮህኩ። እያለቀስኩም «ነይ ልጄ፣ አብረን እናልቅስ» አልኳት።

«አንተ አልቅስ አጎቴ» አለችኝ፣ ጀርባዬን እያሸች። «እኔ ጨርሻለሁ።»

ወንድምሽ ምሕረቱ